ንብረትን ስለ መመዝገብና የተመዘገበውን ፈልጎ ስለ ማግኘት

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በመልኩ ደረቅ፣ በጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው። ይኸውም አንድ መሥሪያ ቤት ያለውን ወንበርና ጠረጴዛ፣ መኪናና ኮምፒዩተር፣ ሕንፃና መሣሪያ በምን ዐይነት መዝገብ ይዞ እንደሚጠብቅ፣ በተፈለገም ጊዜ ከዚያ መዝገብ ውስጥ እንዴት አድርጎ እንደሚያገኘው ነው። ስለ ገንዘብ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። ስለ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ነው። ዳሩ ግን ዕቃ መልኩን የለወጠ ገንዘብ ነው። ትናንት በካዝና የነበረው ብር ዛሬ በቢሮአችን ጠረጴዛ ሆኖ ቆሟል፤ ባለቤቱም ያው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ለብሩ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለጠረጴዛው የምንነፍግበት ምክንያት አይገኝም።

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሒሳቡ ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ሶፍትዌር የተባለው ረቂቅ መሣሪያ ደመወዙን ይከፍላል፣ በጀቱን ይይዛል፣ ንብረቱንም እንዲይዝ ተሰናድቷል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ሰዎች የንብረት ችግር ከእንግዲህ አበቃ ብለው ያስባሉ። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ መሣሪያው የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የሚለማውም የሚበላሸውም በእኛው እጅ መሆኑን ነው። መልካም መዝገብ ማለትም ዕቃው የሰፈረበት ብቻ ሳይሆን፣ ፈላጊ በጠየቀው ጊዜ ፈጥኖ እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ደግሞ ታማኙን ሠራተኛ ነው።

ንብረትን ቆጥሮ መጻፍ ላገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በገዳማትና በአድባራት የወንጌሉ መጽሐፍ ባዶ ገጾች የቦታውን ርስት፣ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ለመመዝገቢያ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። ወንጌልን ማንም በድፍረት አይፍቅም፣ አይቀድምም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የሰፈረ ዝርዝር ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ የታመነ ይሆናል። ዕቃውን የሚጠብቀውም ሰው ዐቃቤ ንዋይ የሚል የታወቀ ማዕረግ አለው። በቤተ መንግሥቱም በኩል ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት በጅሮንድ ሙሉጌታ መሆናቸው፣ ዕቃ መጠበቅና ገንዘብ ማስተዳደር ከአንድ ሥር የበቀሉ ሙያዎች ለመሆናቸው ምስክር ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። ሉካ ፓቺዮሊ የተባለው የኢጣልያ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ድርብ የሒሳብ አመዘጋገብ ሲያስተምር፣ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ሀብት ሁሉ ቆጥሮ በዝርዝር እንዲጽፍ ያዝዛል። ገቢና ወጪ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንዳለው የማያውቅ ሰው ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጐደለበት ሊያውቅ አይችልምና።

እንግዲህ ሁለቱ ከአንድ ሥር ከበቀሉ፣ በኋላ ዘመን የገንዘቡ መዝገብና የዕቃው መዝገብ ስለ ምን ተለያዩ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባገራችን የመንግሥት ሒሳብ ለረዥም ዘመን የተሠራበት ዘዴ የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት የሚባለው ነው። በዚህ ዘዴ መሠረት መኪና ሲገዛ ዋጋው በዚያው ዓመት በወጪ ተይዞ ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት የሒሳቡ መዝገብ ስለዚያ መኪና የሚናገረው ነገር የለም። መኪናው በግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ በሒሳቡ ዐይን ግን እንደ ተጠጣ ቡና ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የመኪናውን መኖር የሚያውቁት የንብረት ክፍሉ ካርድና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ትዝታ ብቻ ናቸው።

የካርዱንም ሥርዓት ለመንግሥት ሠራተኛ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ በሞዴል 20 ይጠየቃል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ይህ ሥርዓት በራሱ ጉድለት የለበትም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ፊርማ እንዲቀር ያደርጋል። ችግሩ ፊርማዎቹ በየፋይሉ ተበትነው መቅረታቸው ነው። ዛሬ «ይህ መሣሪያ ማን ዘንድ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ከ10 ዓመት በፊት በተጠረዘ የሞዴል 22 ጥራዝ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጥራዙን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ከወጣ ግን መልሱም አብሮት ይወጣል። መልስ እያለው መልስ መስጠት የማይችል መዝገብ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» እንደ ተባለው ነው።

የሒሳብ ሶፍትዌር ዋና ጥቅም እነዚህን የተለያዩ ሁለት መዝገቦች እንደገና ማገናኘቱ ነው። በመልካም ሁኔታ በተደራጀ ሥርዓት ውስጥ የግዥ ትእዛዙ፣ የዕቃው መግቢያና የሻጩ ደረሰኝ ተመሳክረው ካልተስማሙ በቀር ክፍያ አይፈጸምም። ሲስማሙም ያው ክፍያ ለዕቃው አዲስ ገጽ ይከፍትለታል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኢፍሚስ እየተባለ የሚጠራው የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተቋቋመው በዚህ ዐይነት ሐሳብ ነው። የሕጉም አካሄድ ወደዚያው ነው። የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግዥንና ንብረትን ባንድ ሕግ አጣምሮ ይዞ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተተካውም አዋጅ ቁጥር 1333 ይህንኑ አጣምሮ ይዟል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ ሒሳብ በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲቀርብ መሠረት ጥሏል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ንብረት በወጪ ተዘግቶ የሚረሳ አይደለም። በየዓመቱ ከነዋጋው እየታየ፣ ያገለገለበትም ዘመን ዋጋ እየተቀነሰለት በሒሳብ መግለጫው ላይ ይቀመጣል።

ይህን በቁጥር ላስረዳ። አንድ መሥሪያ ቤት በ60,000 ብር አንድ የማባዣ መሣሪያ ገዛ እንበል። መሣሪያው 5 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢታሰብና በመጨረሻው ዋጋ የማያወጣ ቢሆን፣ በየዓመቱ 12,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ከ3 ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ዋጋ 24,000 ብር ነው፤ ከ5 ዓመት በኋላም ዜሮ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዋጋው ዜሮ ሆነ ማለት መሣሪያው የለም ማለት አይደለም። ስንት ዋጋቸው ያለቀ ዕቃዎች ዛሬም በየቢሮው ያገለግላሉ! ስለዚህ ዋጋው ያለቀ ዕቃ ከዝርዝሩ አይሰረዝም። በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ወይም የተወገደ ዕቃ ሳይቀር ገጹ ተዘግቶ ይቀመጣል እንጂ አይፋቅም፤ መቼ፣ በማን ውሳኔና በስንት ዋጋ እንደ ተወገደ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርምና።

አሁን ደግሞ ወደ ገጹ እንግባ። የአንድ ቋሚ ዕቃ ገጽ ምን ምን ነገር መያዝ ይገባዋል? በመጀመሪያ የዕቃው መለያ ቁጥር፤ ቀጥሎ የዕቃው ስምና ዐይነት፤ ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር፤ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋና የመግቢያው ሞዴል ቁጥር፤ የገንዘቡ ምንጭ፤ ዛሬ የሚገኝበት ሕንፃና ክፍል፤ በስሙ የተረከበው ሠራተኛ፤ ዕቃው ያለበት ሁኔታ፤ በመጨረሻም በቆጠራ የታየበት ቀን ነው። እንደ ወረቀትና ቀለም ያሉት አላቂ ዕቃዎች በብዛት ቢቆጠሩ ይበቃል። ቋሚ ዕቃ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ሊታወቅ ይገባል። «ወንበር 40» ብሎ ባንድ መስመር የጻፈ ሰው ከ40ዎቹ አንዱ ሲጠፋ የትኛው እንደ ጠፋ ሊናገር አይችልም።

በእርዳታ ስለሚገኝ ዕቃም አንድ ቃል ልጨምር። ለጋሽ ድርጅት ያበረከተው መኪና ወይም መሣሪያ ክፍያ የለበትም። ክፍያ ስለሌለበትም ከክፍያው ጋራ ተያይዞ የሚከፈተው ገጽ አይከፈትለትም። ስለዚህ በስጦታ የሚገባው ዕቃ በተለይ ታስቦበት ግምቱ ወጥቶለት ካልተመዘገበ፣ በግቢው ውስጥ እየዞረ በመዝገብ ግን ያልተወለደ ሆኖ ይቀራል። ያልተወለደውን ደግሞ ሞተ ብሎ የሚከስ የለም።

ስለ መለያ ቁጥሩ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። በልማድ ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የመምሪያውን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የክፍሉን ቁጥር አጣምሮ በቀለም ይጻፋል። ሲጽፉት ግልጽና ያማረ ይመስላል። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ይለወጣል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1097፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 የአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች አቋም እንደገና ሲወሰን፣ አንዳንዱ ተጣመረ፣ አንዳንዱ ተከፈለ፣ አንዳንዱም ስሙን ለወጠ። ያን ጊዜ በወንበሩ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ የሌለ መሥሪያ ቤት ስም ይዞ ይቀራል። አዲሱ ባለቤት አዲስ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ወንበሩም በሁለት መዝገብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይም በአንዱም ሳይቆጠር ይቀራል። ስለዚህ መለያ ቁጥር ዕቃውን ከመለየት በቀር ሌላ ትርጉም ባይሸከም ይሻላል። ቁጥሩ እንደ ሰው ስም ከልደት እስከ ሞት አይለወጥ፤ የሚለወጠው አድራሻው ነው፤ አድራሻውም በገጹ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ዛሬ ቁጥሩን በመስመር ወይም በካሬ ምልክት መልክ በትንሽ ወረቀት አትሞ በዕቃው ላይ መለጠፍ፣ በእጅ ስልክም ማንበብ ይቻላል። የመስመሩ ምልክት በሸቀጥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ አገር ነው፤ ካሬውም ምልክት እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ተሠራ። ሁለቱም ለቆጣሪው ዐይንና እጅ ትልቅ ዕረፍት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍለጋው ደርሰናል። ሰው ሲፈልግ አእምሮው ይረዳዋል። «ሣጥን» ተብሎ ቢጻፍም «ሳጥን» ተብሎ ቢጻፍም ያው መሆኑን ማንም አንባቢ ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን፣ አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር፣ ይህን አያውቅም። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሣ እና ሳ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ ለጆሮአችን አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት በምሳሌ ልንመልከት። አንድ ጸሐፊ 31 የፋይል ማስቀመጫዎችን «ሣጥን» ብሎ መዝግቧል፤ ባልደረባው ደግሞ 12 የሚሆኑትን «ሳጥን» ብሎ መዝግቧል እንበል። የግዥ ክፍሉ ሰው «ሳጥን» ብሎ ቢፈልግ መሣሪያው ያለ ሐፍረት «12 አለ» ይለዋል። እርሱም ይህን አምኖ 20 ተጨማሪ ሣጥን እንዲገዛ ይጠይቃል። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ግን 43 ሣጥን አለ። እዚህ ላይ የሰረቀ የለም፤ ቸልተኛም የለም። ገንዘቡ ግን በአንዲት ፊደል ምክንያት ባከነ። ከዚህ በላይ ደግሞ አንዱ «ኮምፒዩተር»፣ ሌላው «ኮምፒውተር»፣ ሦስተኛው «ኮምፕዩተር»፤ አንዱ «ወንበር»፣ ሌላው «ወምበር» ሲል ጉዳቱን ማስላት አያዳግትም።

በሰው ስምም ላይ ችግሩ ያው ነው። ኃይሉ የተባለውን ሠራተኛ አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ አንዱ በ«ሃ» ይጽፈዋል። ፀሐይ የተባለችውማ በስንት ዐይነት ልትጻፍ እንደምትችል ቁጥሩን ለእናንተ ትቻለሁ። ገብረ ማርያምን አንዱ ለያይቶ፣ አንዱ አጋጥሞ፣ አንዱ በዝባዝ አሳጥሮ ይጽፈዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በአምስት ስም አምስት ሰው ሆኖ ዕቃ ተረክቦ ይገኛል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ልዩ ልዩ የግዕዝ መጻፊያዎች የተጻፉ የቆዩ ዝርዝሮች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። በእነዚያ መጻፊያዎች ለዐይን የግዕዝ ፊደል የሚመስለው በውስጡ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ በዛሬው ፊደል ቢፈልጉት አይገኝም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የዕቃዎች ስም አስቀድሞ በኮሚቴ ተወስኖ ባንድ ዝርዝር ይቀመጥ፤ መዝጋቢው ከዝርዝሩ ይምረጥ እንጂ ስም አይፍጠር። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ በስሙ ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥሩ ከዕቃው ጋራ ይያያዝ። ሦስተኛ፣ ሶፍትዌሩን የሚያቀርበው ድርጅት ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ይጠየቅ፤ ይህ ለባለሙያው ቀላል ሥራ ነው። አራተኛ፣ የቆዩ ዝርዝሮች ወደ አዲሱ መዝገብ ከመግባታቸው በፊት ፊደላቸው ይለወጥ። የቆሸሸ ውኃ በአዲስ ጋን ቢቀዳ አይጠራም።

ከፊደሉ ቀጥሎ ቀኑ አለ። አብዛኛው የሒሳብ ሶፍትዌር የተሠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የእኛ በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ዓመተ ምሕረታችንም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በ2,400,000 ብር የተገዛ መኪና 10 ዓመት እንዲያገለግል ቢታሰብ፣ በየዓመቱ 240,000 ብር ይቀነስለታል። ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲደርስ ሁለት ዓመት ተኩል ስለሚሆነው የሚቀነሰው 600,000 ብር፣ የሚቀረውም ዋጋ 1,800,000 ብር ነው። ነገር ግን መዝጋቢው በልማዱ «2010» ብሎ ቢጽፍና መሣሪያው ይህን እንደ አውሮፓውያን ዓመት ቢቀበለው፣ መኪናው 8 ዓመት ያረጃል። በዚያው ሰኔ 30 ቀን መሣሪያው የመኪናው ዕድሜ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል ብሎ ዋጋውን ዜሮ ያደርገዋል። ገና አዲስ የሆነ መኪናም ዋጋ የለውም ተብሎ ሊወገዱ ከሚገባቸው ዕቃዎች ጋራ ሊሰለፍ ይችላል። ይህን ስሕተት ለመጠቀም የሚሻ ሰው ባይኖር መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ስለዚህ በየትኛው አቈጣጠር እንደሚጻፍ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይወስን፤ ሶፍትዌሩም የሚቻል ከሆነ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያሳይ።

ቀጥሎ ስለ ቆጠራ እናገራለሁ። መዝገብ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሄዶ ዕቃውን በዐይኑ የሚያይ ሰው ከሌለ ወሬ ነው። የዓመቱ ቆጠራ በሁለት አቅጣጫ መደረግ ይገባዋል። አንደኛው ከመዝገቡ ተነሥቶ ዕቃውን መፈለግ ነው፤ ይህ የጎደለውን ይገልጣል። ሁለተኛው ከዕቃው ተነሥቶ መዝገቡን መፈለግ ነው፤ ይህ ሳይመዘገብ የተቀመጠውን ይገልጣል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ አድርገው ይበቃል ይላሉ፤ በስጦታ የመጣውና በስሕተት የተረሳው ዕቃ የሚገኘው ግን በሁለተኛው ነው። ደግሞም ለቆጣሪው «በዚህ ክፍል 14 ወንበር አለ» ብሎ ቁጥሩን አስቀድሞ መስጠት አይገባም። 14 ይገኛል የተባለ ሰው 13 ቢያይም 14 ብሎ ለመጻፍ ይፈተናልና። ዕቃውን የሚጠብቀው ሰውም ለብቻው አይቁጠር፤ ይህ እርሱን መጠርጠር ሳይሆን ለእርሱ ምስክር ማቆም ነው።

የቆጠራው ፍሬ ወደ መዝገቡ ካልተመለሰ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። ለስብሰባ ተብሎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተጋዘ ወንበር፣ ለጥገና የወጣ መሣሪያ፣ በቃል የተዋሰ ማተሚያ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን ካልተጻፉ ዓመቱ ሲያልቅ «የጠፋ» ይባላሉ። እውነቱን ለመናገር በመሥሪያ ቤቶች «ጠፋ» ከሚባለው ዕቃ ውስጥ ከግቢው ሳይወጣ የጠፋ አለበት።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቁጥርና ስለ ፊደል ነበር፤ አሁን ግን ስለ ሰው ልናገር። 30 ዓመት ያገለገለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ክሊራንስ ይጠይቃል እንበል። የንብረት ክፍሉ ካርዱን ሲያወጣ ከ6 ዓመት በፊት አንድ ማተሚያ መሣሪያ መረከቡን ያገኛል። ማተሚያውን በዚያው ዓመት በአለቃው ትእዛዝ ለሌላ መምሪያ አስረክቧል፤ ነገር ግን የተፈረመ ወረቀት የለም። አለቃው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ መምሪያው ፈርሷል። ማተሚያው ምናልባት ከተበላሹት ዕቃዎች ክምር ሥር ተኝቶ ይሆናል። ይህ ሰው በንጹሕ እጁ ያገለገለበትን ቤት እንደ ባለዕዳ ሆኖ ይሰናበታል፤ መሸኛውን ለማግኘት በየቢሮው ይንከራተታል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልበላውን ይከፍላል። ሌባው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አስተካክሎ ይዞ ነበር። በመጥፎ መዝገብ የሚጎዳው ከሁሉ ይልቅ የወረቀት ተንኰል የማያውቀው ቅን ሰው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እና «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚሉ ክፉ አነጋገሮች ባገራችን እንዳሉ እናውቃለን። እነዚህ ቃላት የሚያድጉት የጋራ ንብረት የማንም በሚመስልበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የተረካቢው ስም፣ በእያንዳንዱም ስም አጠገብ ቀን ሲኖር ግን «የማንም» የሚባል ነገር አይኖርም። ዘራፊው መደበቂያ ያጣል፤ ታማኙም «እነሆ መዝገቡ» ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል። የዋናው ኦዲተርም ሰዎች ሲመጡ የሚፈሩ እንግዶች መሆናቸው ቀርቶ የሥራችን ምስክሮች ይሆናሉ።

አንዳንድ ሰዎች መብራት ሲጠፋ፣ መሣሪያው ሲበላሽ መዝገቡ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወረቀት ይቃጠላል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ የኮምፒዩተርም መዝገብ ባንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመዝገቡ ግልባጭ በየጊዜው ተወስዶ ከሕንፃው ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ዕቃውን የሚረከበው፣ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀውም ሰው የተለያየ ይሁን፤ እያንዳንዱም በራሱ የምሥጢር ቃል ይግባ። የምሥጢር ቃሉን ለባልደረባው የሰጠ ሰው ማኅተሙን እንዳዋሰ ይቈጠራል።

በመጨረሻ እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለውን ጥቂት ነገር ላሳስብና ላብቃ። በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሥራችን ስንገባ ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደን በስማችን የተመዘገበውን ዝርዝር እንጠይቅ። ዝርዝሩን ይዘን በቢሮአችን ያለውን ዕቃ ከነቁጥሩ እናመሳክር። በስማችን ተጽፎ በእጃችን የሌለውን በጽሑፍ እናስታውቅ፤ በእጃችን ኖሮ በስማችን ያልተጻፈውንም እናስመዝግብ። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የመምሪያ ኃላፊዎችም ዕቃ በቃል ትእዛዝ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይዛወር ከራሳቸው ጀምረው ይጠንቀቁ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለዕቃ ግምጃ ቤትም ይሠራልና።

የሒሳብ ሶፍትዌር መልካም አገልጋይ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ሺህ ዕቃዎች መካከል የሚፈለገውን አንዱን ለይቶ ያወጣል። ነገር ግን የሚያወጣው ያስቀመጥንለትን ነው። በትክክለኛ ስም፣ በትክክለኛ ቀንና በትክክለኛ አድራሻ ያስቀመጥን እንደ ሆነ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የሚረከበው መሥሪያ ቤት በሙሉ ይገኛል፤ እኛም ከሥራችን ስንሰናበት ያልበላነው ዕዳ አይከተለንም።